ቆራሌው ያልወሰደው መብራት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኪዳን ለማድረስ ከቤታቸው ወጡ። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ አጋምሰው ሁለተኛውን አቅጣጫ ሲሻገሩ አንዲት መኪና ገጭታቸው ሳትቆም አለፈች። ለእኔ የተደወለልኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ የቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ጭንቅላታቸው በፋሻ ታስሮ፣ ነገር ግን እየተነፈሱ አገኘኋቸው። አጎቴ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በከዘራ ይሄዳሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ልቡ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ብዬ ነው፤ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሕመማቸው ሳይሆን ያቺ መኪና እንዴት እንደተገኘች ነውና።

በዚያን ዕለት ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ፣ ገና ከበሩ ሳይገባ፣ «ታርጋውን ያየ ሰው አለ?» ይል ነበር። የለም ስንለው ፊቱ ይጨልማል፤ «በቃ፣ ለእግዜር ስጡት» ብሎ ይቀመጣል። እኔም በልቤ እንደዚያው ብዬ ነበር። ታርጋው ካልተያዘ ነገሩ ያለቀ መስሎን በየዓመቱ ስንቱን ጉዳይ ሳንከታተለው እንደምንተወው ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰው የገጨች መኪና ግን ሳትጎዳ አታልፍም፤ ከአካሏ የሆነ ነገር መንገድ ላይ ትታ፣ ከተገጨው ሰውም የሆነ ነገር ይዛ ትሄዳለች። ያንን የተተወውንና የተወሰደውን ለማገናኘት የሚደክም ሰው ካለ ታርጋ ሳይታይም መኪና ይገኛል። አጎቴን የገጨችው መኪና በ13ኛው ቀን ተገኘች።

ከሁሉ ቀድመው የደረሱላቸው በአካባቢው መንገድ የሚጠርጉ አንዲት እናት ናቸው። ድምፁን ሰምተው መጥረጊያቸውን ጥለው ሮጡ፤ የመጣውን ሚኒባስ መሐል መንገድ ላይ ቆመው አስቆሙና ከረዳቱ ጋር ሆነው አጎቴን አሳፈሩ። እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አስፋልቱ ላይ የመብራት ስብርባሪ፣ የፕላስቲክ ቁራጭና የአጎቴ አንድ እግር ጫማ ተበትኖ ነበር፤ ዝናቡም እያካፋ ነበር። ከመንገድ ዳር ድንጋይ ለቅመው ከስብርባሪው በላይና በታች ደረደሩ፤ መኪኖች በዳር እንዲያልፉ በእጃቸው ምልክት እየሰጡ፣ የለበሱትን የዝናብ ላስቲክ አውልቀው በስብርባሪው ላይ አለበሱት፤ ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣም በዝናብ ቆመው ጠበቁ። ከሳምንት በኋላ ላመሰግናቸው ሄጄ ይህን ለማድረግ እንዴት እንዳሰቡ ስጠይቃቸው፣ ከዓመታት በፊት የጎረቤታቸው ልጅ እዚያው መንገድ ላይ ተገጭቶ እንደሞተና የገጨው መኪና እንዳልተገኘ ነገሩኝ። «ያን ቀን ጠዋት ስብርባሪውን ጠርጌ የጣልሁት እኔ ነበርሁ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ምንም ልመልስላቸው አልቻልሁም።

ጉዳዩ የተመራላቸው የአደጋ መርማሪ ሳጅን ሰውነታቸው ቀጠን ያለ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ነበሩ። በቦታው ደርሰው ፕላን ሲያነሡ ሜትራቸውን ይዘው ከስብርባሪው እስከ ጫማው፣ ከጫማው አጎቴ ወድቀው እስከተገኙበት ለኩ፤ የመንገዱን ስፋትና በአቅራቢያው ያለውን የመብራት ምሰሶ ርቀትም መዘገቡ። አስፋልቱ እርጥብ በመሆኑ የፍሬን ምልክት አልተገኘም። ይህ ብቻውን አሽከርካሪው ፍሬን አልያዘም አያሰኝም፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ጎማ ጥቁር መስመር የሚተወው ከስንት አንዴ ነውና። ስብርባሪው በስተግራ መሆኑንና አጎቴ ከመንገዱ አካፋይ በኩል የመጡ መሆናቸውን አገናዝበው ግን በመኪናዋ የግራ ፊት እንደተገጩ ተረዱ። ከሐኪሙ ወረቀት ላይ የእግሩን ስብራት ከፍታ ካነበቡ በኋላ ደግሞ «የጭነት መኪና አይደለም፤ ፒክአፕም አይደለም፤ ፓራውልቷ (የፊት መከላከያዋ) ዝቅ ያለ የቤት መኪና ናት» አሉኝ። እኔ የአጎቴ እግር የተሰበረበት ከፍታ ለማንም የሚናገረው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ የዓይን ምስክር አልጠፋም። በአቅራቢያው ያለ መጋዘን ጥበቃ ድምፁን ሰምቶ በበሩ ቀዳዳ ሲያይ መኪናዋ ወደ ቃሊቲ እየራቀች ነበር። ትንሽ የቤት መኪና እንደሆነች፣ ቀለሟ ነጭ እንደሆነ፣ የታርጋው ጽሑፍ ቀይም አረንጓዴም እንዳልነበረ፣ መጨረሻው ላይ 6 ወይም 8 እንዳየ ተናገረ። ሳጅኑ የጥበቃውን ቃል በጥንቃቄ ከጻፉ በኋላ «ነጭ» የሚለውን ቃል ሥር አሰመሩበት። ማታውን ወደዚያው ቦታ ተመልሰው ሄደው በቢጫው የመንገድ መብራት ሥር የሚያልፉትን መኪኖች ቆመው ሲያዩ፣ ሲልቨሩም፣ ክሬሙም፣ ነጩም አንድ ዓይነት መልክ እንደሚይዝ አረጋገጡ። የታርጋው ቀለም ግን ይጠቅም ነበር፤ በኮድ 1 የታክሲው ቀይ፣ በኮድ 3 የንግዱ አረንጓዴ ስለነበር፣ ሁለቱም ካልሆነ ሰማያዊው ኮድ 2፣ የግል መኪና፣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር።

ከስብርባሪው ውስጥ ከአውራ ጣት ጥቂት የሚበልጥ አንድ የመብራት ሽፋን ቁራጭ ነበር። ብርሃን ላይ ሲያዞሩት በፕላስቲኩ ውስጥ ተቀርጾ «ኮይቶ» የሚል የላቲን ጽሑፍና ከጎኑ የአንድ ቁጥር መጀመሪያ ይታይበታል። ሳጅኑ ፎቶውን ይዘው ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አብሬያቸው እንድሄድ ለመንኋቸውና ፈቀዱልኝ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሶማሌ ተራን ያውቃል፤ ከስፖኪዮ እስከ ሞተር፣ የመኪና አካል ተፈታትቶ እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ሰፈር ነው። አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ፎቶውን ለአፍታ አይቶ «የቪትዝ ነው፤ ግራ» አለ። ሳጅኑ ተመሳሳይዋ ቶዮታ ያሪስ ልትሆን አትችልም ወይ ብለው ሲጠይቁት ከኋላው ካለው ክምር ሁለት መብራት አወረደና አሳየን፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ያሪስ መብራት ላይ በክብ ውስጥ የተቀረጸ የላቲን «ኢ» ፊደል አለ፤ ለጃፓን ገበያ በተሠራው ቪትዝ ላይ ደግሞ የአምራቹ ስምና ቁጥሩ በሌላ ቦታና በሌላ አጻጻፍ ነው የሚገኘው። ነጋዴው ይህን ያወቀው ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያገላብጠው ነው። በዕለቱ ሳጅኑ ለሰባት ሱቆች ስልካቸውን ሰጥተው፣ የቪትዝ የግራ መብራት ወይም የግራ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን የአካል ሽፋን) የሚፈልግ ሰው ከመጣ እንዲደውሉላቸው ለመኑ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ መፈለግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለከተማው ሰው መንገር አያስፈልግም። ከስብርባሪው ጋር የጥፍር ያህል የሲልቨር ቀለም ቅርፊት ተገኝቶ ስለነበር ሳጅኑ በኮድ 2 የተመዘገቡ፣ መጨረሻቸው 6 ወይም 8 የሆነ፣ ሲልቨር ቪትዞችን ዝርዝር ከመዝገብ አስወጥተው አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመሩ። ቀናት አለፉ። አንዳንዱ መኪናውን በደስታ አሳየ፤ አንዳንዱ «ምን አድርጌ ነው» ብሎ ተቆጣ፤ ግን ሁሉም መኪኖች ደህና ነበሩ። ሶማሌ ተራም የደወለ የለም። በሰባተኛው ቀን ጣቢያ ስሄድ ሳጅኑ ዝርዝሩን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ በዚያን ሰዓት ተስፋ ቆርጬ እንደነበር አልደብቅም።

ነገሩን ያዞሩት የመኪና አካል የሚጠግኑ አንድ አረጋዊ ባትላሜራ ናቸው። ሳጅኑ ዝርዝሩ አልሠራ ሲል የቀለሙን ቅርፊት በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት እንደታሸገ ይዘው በየጋራዡ መዞር ጀምረው ነበር። አረጋዊው ከረጢቱን ሳይከፍቱ ወደ ፀሐይ አነሱትና ጠርዙን በማጉያ መነጽር ተመለከቱ። ከዚያ እኔንም እንዳይ አስጠጉኝ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ሲልቨሩ፤ ከሲልቨሩ ሥር የተጎዳ አካል የሚሞላበት ግራጫ ስቱኮ፤ ከስቱኮው ሥር ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ቀይ መስመር። «ይህቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ቀይ ነበረች» አሉ። «ግራ ጎኗ አንድ ጊዜ ተጎድቶ በስቱኮ ተሞልቷል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሲልቨር ተቀብታለች። የቀባት ሰውም ቸኩሏል፤ የድሮውን ቀለም በደንብ አልፋቀውም።»

በሌላው ዓለም የቀለም ንብርብርን ማንበብ ትልቅ ሙያ ነው። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያደራጀው የኖረ የመኪና ቀለሞች የመረጃ ቋት አለው፤ ፋብሪካዎች የቀቡትን እያንዳንዱን ንብርብር ቅደም ተከተሉንና ኬሚካላዊ ይዘቱን ስለመዘገበ፣ ገጭቶ ካመለጠ መኪና የወደቀ ቅርፊት ከየትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት እንደወጣ ለመገመት የብዙ አገር መርማሪዎች ይጠቀሙበታል። እንዲህ ያለው ቋት የሚናገረው ግን ስለ ፋብሪካ ቀለም ነው። እኛ አገር መኪና ዕድሜዋ ረዥም ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች፣ ትገጫለች፣ ትጠገናለች፣ ትቀባለች። ይህ ድካሟ ሁሉ በቀለሟ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል፤ አንድ ዓይነት ሲልቨር የተቀቡ ሁለት ቪትዞች ቢኖሩ እንኳን የሥራቸው ታሪክ አንድ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ለመለየት ያስቸግራል ያልነው የመኪኖቻችን እርጅና ለመለየት እንደሚያግዝ የተረዳሁት ከአረጋዊው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ በዚያች ማጉያ መነጽር ሳይ ነው።

ሳጅኑ ወዲያውኑ የገባቸው ነገር ነበር። የመኪናው ቀለም በሊብሬው ላይ ይመዘገባል፤ ቀለም የቀየረ ሁሉ ግን ሄዶ አያስለውጥም። እስከዚያ ቀን ሲፈልጉ የነበሩት በመዝገብ ሲልቨር የሆኑትን ነው፤ የምትፈለገዋ መኪና በመዝገብ ላይ ቀይ ልትሆን ትችላለች። አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ 11 መኪኖች ብቻ ነበሩበት። ሰባቱ ቀይ እንደሆኑ ቀርተው ደህና ነበሩ፤ ሁለቱ ክፍለ ሀገር እንደሚሠሩ ተረጋገጠ፤ አንዷ ጎማ አልባ ሆና በግቢ ቆማ ተገኘች። የቀረችው የአንዲቷ ባለቤት መኪናው የት እንዳለ ሲጠየቅ በመጀመሪያ ለዘመድ ማዋሱን፣ ቀጥሎ ለሽያጭ ማቆሙን ተናገረ። ሁለት የማይገጥም ቃል በአንድ ቀን ሲሰጥ ሳጅኑ ምንም ሳይሉ ጻፉት። በማግስቱ መኪናዋ ከከተማው ዳር ካለ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ተጥሎባት ተገኘች።

በዚያ ቀን ጋራዡ በር ላይ ነበርሁ፤ እንዳልገባ ስለተነገረኝ ቆሜ ከውጭ አየሁ። ሸራው ሲነሣ መኪናዋ ሲልቨር ነበረች። ኮፈኗ ተጠግኖ ቀለም ይጠብቃል፤ የፊት መስተዋቱ አዲስ ነው፤ ፓራፋንጎውም ተቀይሯል። በሩቅ የሚያያት ሰው ምንም አይላትም። ነገር ግን የቀኝ መብራቷ እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ቪትዞች በፀሐይና በአቧራ ደብዝዞ ቢጫ ሆኗል፤ የግራው ደግሞ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው። አንድ ዓይኗ የሽማግሌ፣ አንድ ዓይኗ የሕፃን ነበር። ያንን ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተደገፍሁ።

በጋራዡ የሚሠራው ልጅ ዕድሜው ሃያ እንኳን የሞላ አይመስልም። መኪናዋን ያመጣት ሰው አህያ ገጭቻለሁ እንዳለው፣ መብራቱን ራሱ ገዝቶ እንዳመጣለት፣ መስተዋቱንም ሌላ ቦታ አስቀይሮ እንደመጣ ሳያንገራግር ተናገረ። አሮጌው መብራት የት እንዳለ ሲጠየቅ ወደ ግቢው ጥግ ጠቆመ። እዚያ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ የባትሪ ሽፋን፣ የተበጠሰ ቱቦ ተከምሯል፤ «ቆራሌው ሲመጣ የምሸጥለት ነው፤ ሰሞኑን ዝናብ ስለሆነ አልመጣም» አለ። ሳጅኑ ጓንት አድርገው ክምሩን አንድ በአንድ አነሱና ከሥሩ የቪትዝ የግራ መብራት አወጡ። ሽፋኑ ተሰብሮ ግማሹ የለም፤ በቀረው ጠርዝ ላይ «ኮይቶ» የሚለው ጽሑፍ የለም፣ ነገር ግን የአንድ ቁጥር መጨረሻ አለ። በሁለት ምስክሮች ፊት ከፖስታው ውስጥ ከአስፋልት የተነሣውን ቁራጭ አውጥተው አስጠጉት። ጥርስ ወደ ድዱ እንደሚገባ ገባ። የቁጥሩ መጀመሪያና መጨረሻ ተገናኝተው ሙሉ ቁጥር ሆኑ። ማንም አልተናገረም። የልጁ እጅ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አህያ አለመሆኑ በዚያች ሰከንድ ነው የገባው።

የታርጋው ማሰሪያ ብሎን ላይ ሌላ ነገር ነበር። መኪናዋ ታጥባለች፤ ያጠባት ሰው ግን ብሎኑንና ታርጋውን አልለያያቸውም። ሳጅኑ ብሎኑን ሲፈቱ ከጥርሱ ጋር የተጠመጠመ፣ ከጣት አንጓ የማይረዝም ነጭ ክር ወጣ። ከአጎቴ ጋቢ ጋር እንዲመረመር ከቀለሙ ቅርፊትና ከመብራቱ ጋር ተጨምሮ ለፎረንሲክ ምርመራ ተላከ። ከመላኩ በፊት በፕላስቲክ ውስጥ እንደታሸገ አክስቴ እንዲያዩት ተጠየቁ። አክስቴ ያንን ጋቢ የፈተሉት ራሳቸው ናቸው። ክሩን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱትና «ድሩ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ይህ ግን ማጉ ነው፣ የእኔ ፈትል ነው፤ እዚህ ላይ ወፈር ይላል፣ እጄ ሲደክመው እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ። ሳጅኑ ይህ ቃል ብቻውን በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል በትሕትና አስረዷቸው፤ ሆኖም ቃል በቃል ጻፉት።

አሽከርካሪው ሲያዝ በመጀመሪያ ካደ፤ መብራቱን ሲያሳዩት አመነ። ያመነው ግን በከፊል ነበር፤ ጨለማ ስለነበር ምን እንደገጨ አላየሁም አለ። እዚህ ላይ ሳጅኑ ያስረዱኝን ነገር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የወደቀ መብራት ከተሰበረው ሽፋኑ ሌላ አምፖሉም ይናገራልና። በአምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ መብራቱ በርቶ ሳለ የአምፖሉ መስተዋት ከተሰበረ፣ የጋለችው ሽቦ ከአየር ጋር ስትገናኝ ትቃጠላለች፤ ቀለሟ ይለወጣል፣ አንዳንዴም የመስተዋት ብናኝ ቀልጦ ይጣበቅባታል። ጠፍቶ ሳለ ከተሰበረ ሽቦዋ እንዳለች ወይም በንጹሕ ስብራት ትገኛለች። ከክምሩ በተገኘው መብራት ውስጥ ያለችው ሽቦ ጠቁራ ነበር፤ ስለዚህ መብራቱ በርቶ ነበር። ይህ በአንድ በኩል ለአሽከርካሪው የሚጠቅም ነው፤ መብራት ሳያበራ አልነዳም። በሌላ በኩል ነጭ ጋቢ የለበሰን ሰው በበራ መብራት አላየሁም ማለት ከባድ ነው። ሳጅኑ ሁለቱንም በእኩል ድምፅ ነገሩኝ፤ ማስረጃው የማንም ወገን እንዳልሆነ ከአነጋገራቸው ያስታውቅ ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ግጭቱ አልነበረም። አሽከርካሪ ሰው ነው፤ ይሳሳታል፤ በዝናብ ሌሊት መንገድ ያታልላል። የከበደኝ አጎቴ አስፋልት ላይ ወድቀው እያየ ማርሽ ቀይሮ መሄዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደን ሰው ይቀጣል፤ ጥሎ የሄደው ራሱ ጉዳቱን ያደረሰ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉ በግልጽ የለየው ነገር ነው፤ መግጨት አንድ ጥፋት፣ ጥሎ መሄድ ሌላ ጥፋት። ብዙ አሽከርካሪዎች ስናወራ የሚያነሡት ምክንያት የሕዝቡን ቁጣ መፍራት ነው፤ ቆመው ቢወርዱ እዚያው እንደሚደበደቡ ይናገራሉ። ይህ ፍርሃት ባዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የተቆጣ ሰው ሳያጣራ እጁን ሲያነሣ አይቻለሁ፣ ነውርም ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል በዚያ መንገድ ላይ የነበሩት መጥረጊያ የያዙ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ቆሞ መውረድ የሚያስፈራው ሰው እንኳን በስልኩ 907 ብሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት፣ 991 ብሎ ለፖሊስ መንገር፣ ወደሚቀርበው ጣቢያም በቀጥታ መንዳት ይችላል።

የረዳው ሰው ነገርም ያሳስበኛል። አጎቴን ሆስፒታል ያደረሰው የሚኒባስ ሾፌር «አንተ ነህ ወይ የገጨኸው» ተብሎ ሲጠየቅ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ዋለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፖሊስ ሳያጣራ ሊያልፍ አይችልም። ቢሆንም ያ ሾፌር በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ወድቆ ሲያይ ምን ያስብ ይሆን ብዬ እጨነቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ከግማሽ የሚበልጡትም እግረኞች፣ ሳይክል ነጂዎችና ሞተረኞች እንደሆኑ ገልጿል። ከእነዚህ መካከል ስንቶቹ ቶሎ የሚያነሣቸው ሰው አጥተው እንደሞቱ ሳስብ፣ ያንን ሾፌር ቃሉን ተቀብሎ በምስጋና መሸኘት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይሰማኛል። ሳጅኑ ይህን ያውቁ ስለነበር፣ የሚኒባሱን ፊት በዓይናቸው መርምረው አንዳች ጉዳት እንደሌለበት በጽሑፍ መዝግበው ይዘውት ወደ ሾፌሩ አለቃ ደወሉ።

ስለ ካሳ በአጭሩ ልናገር፤ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውምና። የገጨው መኪና ሲታወቅ የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል። መኪናው ሳይታወቅ ከቀረ ግን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ የመድን ፈንድ አለ፤ በሰው አካል ላይ ጉዳት አድርሶ ባመለጠ፣ ባልታወቀ መኪና ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያንን ማመልከቻ ማዘጋጀት ጀምረን ነበር። ለዚያም ቢሆን በወቅቱ የተነሣ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «መኪናው ካልተገኘ ምን ያደርጋል» ብሎ ፖሊስ ሳይጠሩ መቅረት የተጎዳውን ሰው ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው።

ለጋራዥ ባለቤቶች የምለው አለኝ፤ ደፍሬ የምለውም ስለምገደድ ነው። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ለዘላለም ተደብቆ አይኖርም፤ አንድ ቀን ባትላሜራ ዘንድ ይደርሳል። የከተማው ካሜራ ያላየውን የጋራዥ ሠራተኛ ያየዋል። አህያና ሰው አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርሱም፤ ይህን ያስረዱኝ ያው አረጋዊ ናቸው፤ አህያ የገጨ መኪና ፓራውልቱና ማስኬራው (የፊት ፍርግርጉ) ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉርም ይዞ ይመጣል፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው የገጨ መኪና ግን ኮፈኑ ላይ ክብ ጉድጓድ፣ መስተዋቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ ቦታ ይኖረዋል፤ እግሩ ሲመታ ሰውነቱ ወደ ላይ ተነሥቶ ይወድቃልና። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ፣ የትራፊክ ፖሊስ ወረቀት አለህ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ደንበኛውን መክሰሱ አይደለም። ወረቀት ያለው ሰው ያሳያል። የሌለው ሰው የሚያደርገውን ሲያይ፣ ባለሙያው ራሱ የሚወስነው ይሆናል።

ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዶ በፍርድ አለቀ፤ ዝርዝሩን የማልጽፈው የአሽከርካሪው ቤተሰብም ሰፈር ስላለው ነው። ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ አጎቴም ይቅር ብለዋል። እግራቸው ውስጥ ብረት አለ፤ በክረምት ሌሊት ብርዱ ሲያጠዘጥዛቸው አክስቴ ይነሡና በቅባት ያሹላቸዋል።

ባለፈው ወር በዚያ ጋራዥ በኩል ሳልፍ ቆምሁ። ልጁ አወቀኝ፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሰላም አለኝና አጎቴን ጠየቀኝ። ከዚያ ከመሣሪያው ሳጥን ውስጥ በግሪስ የጠቆረ ደብተር አወጣ። ተጎድቶ የሚገባ መኪና ሁሉ ታርጋው፣ ቀኑ፣ የተጎዳው ቦታና ባለቤቱ ያለው ምክንያት በእርሳስ ተጽፎበታል፤ የትራፊክ ፖሊስ ወረቀት ያሳየው አጠገብ ምልክት አለ። ወረቀት ሲጠይቅ ተቆጥተው መኪናቸውን ይዘው የሚመለሱ ደንበኞች እንዳሉ፣ አለቃውም በዚህ ደስ እንደማይለው ነገረኝ። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገልጬ አየሁት። የመጀመሪያው መስመር ላይ በዚያ በነሐሴ ቀን፣ «ቪትዝ፣ ሲልቨር፣ የግራ መብራት፣ አህያ ነው አለኝ» ይላል፤ «አህያ» የሚለውን ቃል በኋላ በሌላ እርሳስ ሰርዞታል።